አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ

ዓሣ በቆርቆሮ የሚታሸግበት፣ እዚያ ነው የምሠራ፤
ሴቱባል፣ ከወደቡ ጀርባ፣ በሌሊቱ ተራ።
የእኔን ጊዜ ደወል ነው የሚቆርጠው፦
ሲጮህ እጀምራለሁ፣ ሲጮህ አቆማለሁ፤
መሐሉን ዓሣው ይወቀው፣ እኔ ምን አውቃለሁ።

ወንድሜ ዱአርቴ ግን ደወል የለበትም፤
መምህርቱ ፌሊዝሚና እንደሌሎቹ አይደለችም።
"ፊልም ይሁን ሥዕል፣ ወይ ወንበር፣ ወይ ካርታ፣
ብቻችሁን ሥሩ" አለች በእርጋታ፤
"ስድስት ሳምንት አላችሁ፤
እስከዚያው አልጠይቅም፣ አልቆምም ከኋላችሁ።"
ልጁ እየዘለለ መጣ። አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤
ነፃነት ከሩቅ ሲታይ ማን ክብደቱን አየው?

የጭቃ ሽማግሌ፣ በቆርቆሮ ጀልባ፣
ከፌስታል የተሠራ ባሕር ውስጥ ሲገባ፣
ማዕበል ሲነሣ፣ መረቡ ሲበጠስ፣
ሲነጋም ሽማግሌው ወደ ቤት ሲመለስ፤
ይህን ሁሉ አሰበ፣ በአንድ ደቂቃ ፊልም።
ለአንዷ ሰከንድ አሥራ ሁለት ፎቶ፤ ከዚያ ያነሰ አይሆንም።
የጭቃውን ክንድ በጸጉር ታህል ማንቀሳቀስ፣ ፎቶ።
ደግሞ በጸጉር ታህል፣ ፎቶ።

የመጀመሪያው ሳምንት በፕሮግራም አለቀ፤
በአምስት ቀለም እስክሪብቶ ግድግዳው ደመቀ፤
ቀዩ ለማዕበሉ፣ ቢጫው ለእራት ሰዓት፣
አረንጓዴው ለዕረፍት፣ ሰማያዊው ለጥናት።
እንዲያ ያለ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም፤
ከእሱ በቀር ግን አንዳች የተሠራ የለም።
በሁለተኛው የአክስቴ ልጅ ካሲልዳ ከቤጃ መጣች፤
በሦስተኛው አሮጌዋ ስልኬ፣ ካሜራው፣ አልበራም አለች።
"ነገ እጥፍ አነሣለሁ" ይላል፤
ነገም የራሱን ሸክም አዝሎ ከች ይላል።
ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል፤
ጊዜ የሰጡት ልጅ ግን ጣራ ሲያይ ይውላል።

አራተኛው ሳምንት ሲያልቅ፣ ከሥራ ስመለስ፣
አገኘሁት ወለሉ ላይ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሲያለቅስ።
"ዘጠኝ ሰከንድ ብቻ! ገና ከወደቡ እንኳ አልወጣም!"
እጄ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ ስለዚህ አላቀፍኩትም።
የማውቀው ነገር አንድ ነው፣ ቢላዋ።
"ዓሣው ከቆርቆሮው ሲረዝም" አልኩት፣ "ቆርቆሮ አንቀይርም።
ራሱንና ጅራቱን ቆርጠህ ጣል፤
መሐሉ ይበቃል።"

ብዙ ጊዜ ዝም አለ።
ከዚያ ማዕበሉን ጣለ፣ ወደቡን ጣለ፤
ከዘጠኙ ሰከንድ አምስቷን አስቀረ፣
ጀልባውን ገለበጠና ለሽማግሌው ወንበር አደረገ።
ባለቀለሙን ፕሮግራም ከግድግዳው ገንጥሎ፣
በጀርባው በእርሳስ ጻፈ፦
"ከትምህርት መልስ አሥራ ሁለት ፎቶ። ከዚያ እራት።"
ሌላ ምንም።
ሽማግሌው ተቀምጦ መረብ ይጠግናል፤
በቀን አንዲት ሰከንድ ጣቶቹን ያነሣል።
አሥራ አራት ቀን። አንዱን ቀን በትኩሳት፣
አንዱን ቀን የሠፈሩ ልጆች በመስኮት እየጠሩት።

ትምህርት ቤት ሲታይ እኔም ነበርኩ፣ እንቅልፌን ትቼ።
አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ፤ ቆጠርኩት በጣቶቼ።
ሽማግሌው አንዲት ቋጠሮ ይቋጥራል፣ በቃ።
ግን መስኮቱ አጠገብ ነበርና የተነሣው፣
አንዱ ቀን ብራ፣ አንዱ ደመና፣ አንዱ ሊመሽ ሲል፣
ጥላው በሽማግሌው ዙሪያ ሲዘል፣ ሲረዝም፣ ሲሸሽ፣
ፊቱ ሲበራ፣ ሲጨልም፣ ደግሞ ሲበራ፤
አንድ ጊዜም የእኔ ጥላ፣ ምሳዬን ይዤ ሳልፍ፣
ለቅጽበት፣ በግድግዳው ላይ።
ያ ሁሉ የባከነ ፀሐይ እዚያው ነበር እንዴ?

ፌሊዝሚና ጠየቀችው፦
"ብርሃኑን እንዲህ ያደረግከው አስበህበት ነው?"
ጆሮው ቲማቲም መሰለ።
"አይ" አላት። "ጊዜ አልነበረኝም።"

ትናንት ማታ ጫማዬን ሳስር፣ በሩ ላይ ቆሞ፦
"እናንተ ጋ ዕረፍት ስንት ነው?" አለኝ።
"ሃያ ደቂቃ።"
ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አሰላ።
"እሱማ" አለ፣ "ብዙ ነው።"